ለቀብር የማይጠፋ ጥሪ፣ ለሕይወት ለምን ይጠፋል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር። ለዚህ መጽሔት ሲዘጋጅ የቃል ንግግሩ ለዛ በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ ተደርጓል።)

 

አዘጋጆቹ «ከሥራህ ጋር የተያያዘ፣ ለአካባቢያችንም የሚጠቅም ነገር አቅርብ» ብለውኛል። የእኔ ሥራ በሽተኛ ከቤቱ ተነስቶ አልጋ እስኪያገኝ ድረስ ያለውን መንገድ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስልክ ጥሪ ነው። ሰው ጨንቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ስለሚደውለው ጥሪ።

ከራሳችን ታሪክ ልጀምር። የማስተማሪያ ሆስፒታላችን የተሰየመው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ነው። ንግሥት እሌኒ የሀዲያው ገራድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት፣ በኋላም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር የመሩ ሴት ናቸው። እኚህ ሴት አደጋው ሳይደርስ ታያቸውና ለፖርቱጋል ንጉሥ የእርዳታ ደብዳቤ ላኩ። መልእክተኛው ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1520። ጦሩ የመጣው ደግሞ በ1541፣ ንግሥቲቱ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ። ጠሪዋ አልተሳሳቱም፤ በጊዜው ጠርተዋል። የጎደለው ጥሪውን ተቀብሎ፣ መንገድ አውጥቶ፣ በሰዓቱ የሚደርስ ነበር። ዛሬ ስልክ በኪሳችን አለ። የጎደለን ነገር ግን ያው እሱ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ስልካችሁን ሳትነኩ መልሱልኝ። አሁን ከዚህ አዳራሽ ጀርባ እሳት ቢነሳ የምትደውሉበት ቁጥር ስንት ነው? ሾኔ ያለች እህታችሁን ሌሊት ምጥ ቢጠናባት በየትኛው ቁጥር ትደውላለች? ዶዮገና አጠገብ ሚኒባስ ቢገለበጥስ? አዲስ አበባ የኖራችሁ 939፣ 907፣ 991 ትሉ ይሆናል፤ የከተማዋን እሳት አደጋ፣ አምቡላንስና ፖሊስ ማለታችሁ ነው። እዚህ ግን ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «እገሌ ጋ እደውላለሁ» የሚል ነው። እገሌ ፖሊስ ነው። እገሌ ዶክተር ነው። እገሌ ባጃጅ አለው። እንግዲህ ይህ ምን ማለት ነው? ሰው ያለው ሰው ይደርሱለታል ማለት ነው። ሰው የሌለውስ? ገበያ መጥታ መንገድ ላይ የወደቀችው እናትስ?

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። በቀበሌያችሁ ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚነፋው ማን ነው? ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕድርም እንበለው ሴራ፣ ይህ ሥርዓት በሀዲያም በከምባታም አለ። ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የሚጠራ ሰው አለ፤ ስሙም ቤቱም ይታወቃል። ለድካሙ ይከፈለዋል ወይም ከመዋጮ ነፃ ይደረጋል። ጡሩምባው ቢሰበር የሚገዛበት ገንዘብ በገንዘብ ያዥ እጅ አለ። ድንኳኑን የሚጠብቅ፣ የተቀደደውን የሚያሰፋ አለ። ያልመጣ አባል ይቀጣል። ሊቀመንበሩ ቢቀየር፣ ጡሩምባ ነፊው ቢሞት፣ ጥሪው አይቋረጥም።

ስለዚህ አንችልም ማለት አይቻልም፤ ለቀብር የሚሆን የማይጠፋ ጥሪ አባቶቻችን ሠርተውልናል። ገንዘብ፣ ባለቤት፣ ጥገና፤ ሦስቱም አሉት። የዛሬ ንግግሬ ሐሳብ አንድ ነው፦ ያንን ሥርዓት ከቀብሩ ወደ ሕይወቱ ማምጣት አለብን።

መኪናው መጣ፤ ጥሪውስ?

መንግሥት ምንም አልሠራም የሚል ካለ ልክ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አምቡላንስ እየገዛ ለየወረዳው አከፋፍሏል። ለወላድ እናት አገልግሎቱ በነፃ እንዲሆን ተደርጓል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አገር ያገለገለ ነው፤ አምቡላንሶቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። ሆሳዕና የማስተማሪያ ሆስፒታል አላት፤ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ ሆመቾ፣ ሺንሺቾ ሆስፒታል አላቸው። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው።

ጤና ያጠናችሁ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። ሲሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፉት ነው። እናት የምትሞተው ለመሄድ በመወሰን ስትዘገይ፣ በመንገድ ስትዘገይ፣ ወይም ከደረሰች በኋላ ሕክምና ሲዘገይባት ነው። እኛ አገር ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው ብዙ ተሠርቷል። ሁለተኛው፣ የመንገዱ መዘግየት፣ መኪና በመግዛት የሚያልቅ መሰለን። ግን መኪናው ከመነሳቱ በፊት ስልክ መነሳት አለበት።

በሥራ ምክንያት ብዙ ጤና ኬላ ገብቻለሁ። ግድግዳው ላይ «አምቡላንስ» ተብሎ ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። ያ ቁጥር የማን ነው? የሾፌሩ ነው። የቢሮው አይደለም፤ የግሉ። ሾፌሩ ዝውውር ሲያገኝ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ይሰረዝና ከሥሩ ሌላ ይጻፋል፤ እሱም ይሰረዛል። አንድ ጤና ኬላ ላይ አራት ቁጥር ተሰርዞ አምስተኛው ተጽፎ አይቻለሁ። ሾፌሩን ልትወቅሱት አትችሉም። አንድ ሰው ነው፤ ይተኛል፣ ይታመማል፣ ለቅሶ ይሄዳል፤ እሱ ራሱ መሪ ይዞ ሳለ ስልክ ማንሳት የለበትም። የገዛነው መኪና ነው፤ ጥሪውን ግን በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ጣልነው።

የሒሳብ መምህራን አላችሁና በቁጥር ልናገር። አንድ ጥሪ እንዲሳካ ቢያንስ አምስት ነገር መገጣጠም አለበት። ኔትወርክ መኖር፣ ስልኩ መነሳት፣ መኪናው አለመበላሸቱ፣ ነዳጅ መኖሩ፣ መንገዱ ማሳለፉ። እንበልና እያንዳንዳቸው ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ይሠራሉ። 9 ከ10 ጥሩ ውጤት ነው አይደል? ለፈተና ቢሆን ኤ ነው። ግን አምስቱን ስታባዙት ከ100 ጥሪ የሚሳካው 59 ነው። 41 ቤተሰብ ደውሎ ሰው አጣ ማለት ነው። በአንዱም ማያያዣ ላይ «ይሄ ተበላሽቷል» የሚያሰኝ ነገር አይታይም። ስብሰባ ላይ ሁሉም ኃላፊ «የእኔ ክፍል 90 በመቶ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ችግሩ በማንም ክፍል ውስጥ የለም፤ በክፍሎቹ መካከል ነው ያለው።

ገንዘቡ

መጀመሪያ ስለ ገንዘብ። የበጀት ነገር የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፦ ካፒታል በጀት ይወደዳል፣ መደበኛ በጀት ይጠላል። አምቡላንስ ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ለጎማና ለዘይት ሪባን የቆረጠ ሰው ግን አላየሁም። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ መኪናው ከላይ ይመጣል፣ ነዳጁ፣ ጥገናውና የሾፌሩ ደመወዝ ከወረዳ ይወጣል። ወረዳ ደግሞ ከደመወዝ የሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ ከሐምሌ 2016 በኋላ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ሲያልፍ፣ ጎማና መለዋወጫ ዋጋቸው የት እንደደረሰ መናገር አያስፈልግም። የወረዳው በጀት ግን በዚያ ልክ አልጨመረም።

ጥሪ ተቀባይ ማስቀመጥስ ምን ያህል ያስወጣል? አንድ ወንበር፣ አንድ ስልክ፣ 24 ሰዓት። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል። ስታካፍሉት ከአራት ሰው በላይ ይመጣል፤ ዓመት ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ አምስት። አንዲት ወንበር ሌት ተቀን እንዳትታጣ አምስት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። «አንድ ጥሪ ተቀባይ ቀጥረናል» የሚል ሪፖርት ስትሰሙ፣ ከሳምንቱ ከሦስት አራተኛው በላይ ወንበሩ ባዶ ነው ማለት ነው። በየወረዳው አምስት አምስት ሰው መቅጠር አይቻልም። ለብዙ ወረዳ አንድ ወንበር፣ ወይም ሁለት፣ ማስቀመጥ ግን ይቻላል።

ሌሎች ከየት አመጡት? ሕንድ ውስጥ 108 የሚባል የአምቡላንስ ጥሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሃይደራባድ ላይ ተጀመረ፤ ያቋቋሙት የሳትያም ኩባንያ መሥራች ነበሩ። በጃንዋሪ 2009 እኚሁ ሰው የኩባንያውን ሒሳብ ማጭበርበራቸውን አመኑና ታሰሩ። አምቡላንሶቹስ? አገልግሎቱ አልቆመም። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ወጪ የየክልሉ መንግሥታት በውል ይከፍሉ ነበር፤ ሌላ ድርጅት ተተክቶ ቀጠለ። ለጋሽ ይጀምራል፤ የሚያቆየው ግን ውልና በጀት ነው። አሜሪካ ደግሞ ለ911 ከስልክ ደንበኛው የወር ሒሳብ ላይ ትንሽ ክፍያ ይቆረጣል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ግዛቶች ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ሲያውሉት ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ ምክንያት ክፍያው የት እንደዋለ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ይቀርባል። ገንዘብ መሰብሰብ ግማሹ ነው ማለት ነው፤ ሌላው ግማሽ ገንዘቡ እንዳይዞር መጠበቅ ነው። ይህን ደግሞ የዕድር ገንዘብ ያዥ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

እኛስ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ በየዓመቱ በየቀበሌው ይሰበሰባል። ዕድሩም በየወሩ ይሰበሰባል። በውጭ ያሉ ልጆቻችን፣ በተለይ ደቡብ አፍሪካ ያሉት፣ ለቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ይልካሉ። ብር የለም አይባልም። የሌለው በየወሩ የሚገባ፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚወጣ፣ ሒሳቡ በአደባባይ የሚነበብ ቋት ነው።

ባለቤቱ

ሁለተኛው ከገንዘብ ይከብዳል። የማን ነው?

ካርታ አምጡና ሾኔን ተመልከቱ። ሾኔ የሀዲያ ዞን ናት፤ ነገር ግን ባደዋቾ ከሌላው ሀዲያ ተነጥላ ነው ያለችው፤ መካከል ላይ ከምባታ አለ። ከሾኔ ሆሳዕና ለመምጣት የዞናችሁን ድንበር ወጥታችሁ እንደገና ትገባላችሁ። ሾኔ ደግሞ ከአላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ ለመስቀል፣ ለያሆዴና ለመሳላ ሰው ከየአገሩ ሲገባ ያ መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። እዚያ አካባቢ መኪና ቢጋጭ ቅርብ ያለው አምቡላንስ የከምባታ ሊሆን ይችላል፤ የሀላባም፣ የወላይታም ሊሆን ይችላል። ዶዮገና ደግሞ የከምባታ ናት፤ ለሆሳዕና ግን ከብዙ የሀዲያ ቀበሌ ትቀርባለች። ደም የሚፈሰው ሰው የየትኛው ዞን ነው? እሱ አያውቅም፤ አይጨንቀውምም። የነዳጅ ኩፖኑ ግን ያውቃል። የወረዳ ሀ ነዳጅ የወረዳ ለ በሽተኛ ጭኖ ሲገኝ ኦዲተር ይጠይቃል። ሾፌሩ ይህን ስለሚያውቅ ድንበር ላይ ይቆማል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከድንበር ማዶ የሚሸፍነው ወረቀት ስለሌለው ነው።

በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎቹ ደግሞ በተለያዩ ከተሞች ተደለደሉ። ፍትሐዊ ሐሳብ ነው፤ ለሁሉም ከተማ ድርሻ ሰጥቷል። ለድንገተኛ ጥሪ ግን ተጨማሪ ሥራ ያመጣል። ጤና፣ ፖሊስ፣ አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር፣ ከተማ አስተዳደር፣ ሁሉም በየራሱ ቤት ነው። መኪና ሲጋጭ ግን ፖሊስም፣ አምቡላንስም፣ አንዳንዴ እሳት አደጋም በአንድ ጊዜ ያስፈልጋሉ። ጠሪው ሦስት ቦታ እንዲደውል አይጠበቅበትም። አንድ ቦታ ይደውል፣ ቀሪውን ሥራ ጥሪ ተቀባዩ ይሥራ።

ለንደን ውስጥ 999 እንዴት ተጀመረ? እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1935 ዊምፖል በሚባል መንገድ ላይ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። ጎረቤት ደውሎ ነበር፤ የስልክ ማዞሪያው ግን ከሌላው ጥሪ ጋር ወረፋ አስያዘው። ሰውየው በቁጣ ለጋዜጣ ጻፈ፣ ምርመራ ተካሄደ፣ ሰኔ 1937 ላይ 999 ሥራ ጀመረ። ከአንድ ቁጣ እስከ አንድ ቁጥር ሁለት ዓመት አልሞላም። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ2007 የጤና ሚኒስቴሯ ሥር አንድ የአምቡላንስ አገልግሎት አቋቁማ 912 የሚል አንድ ቁጥር ሰጠች። ሀብታም አገር ስለሆነች አይደለም።

እኛ ጋ ቁጥር የሚሰጠው አካል አለ። በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ፣ ቁጥር 1148፣ ይህን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የስልክ ድርጅቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም አሉ። የቴሌኮም ልጆች እንደምታውቁት አጭር ቁጥር በአንዱ ኔትወርክ ሠራ ማለት በሌላው ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ማገናኘት አለባቸው። 8335ን ታስታውሳላችሁ፤ በ2012 ኮቪድ ሲገባ አገር ሁሉ በጥቂት ሳምንት ለመደው። ስንፈልግ ቁጥር እናስለምዳለን ማለት ነው።

ባለቤት ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቋንቋ። የኛ ጥሪ ተቀባይ አማርኛ ብቻ ከቻለ አልተቻለም። ከጊምቢቹ ወይም ከሆመቾ በኩል የምትደውል እናት በሀዲይሳ ነው የምትጮኸው፤ ከአንጋጫ የምትደውለው በከምባትሳ። በጭንቅ ጊዜ ሰው የተማረው ቋንቋ ይጠፋውና የእናቱ ቋንቋ ይመጣለታል። አድራሻም እንደዚሁ ነው። ቤት ቁጥር የሚናገር የለም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጋ» ነው የሚባለው። ጎፈር ሜዳ ያለውን ወፍጮ ቤትና ሴች ዱና ያለውን ለይቶ የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ነው እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ያለበት። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይሄን መሥራት አይቻልም።

ጥሪ ተቀባይ መኪና ላኪ ብቻ አይደለም፤ መካሪም ነው። «ደሙን በጨርቅ አጥብቀህ ያዝ፤ አትልቀቅ»፣ «አንገቱን አታንቀሳቅሱት» የሚል ድምፅ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው አይረሳንም። መሬቱ ተናደ፤ ጎረቤት ለማዳን ሮጠ፤ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የስልክ ጥሪ ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይተርፉ ነበር አልልም። ነገር ግን የእኛ ሕዝብ ለመርዳት መሮጥ አይቸግረውም፤ የቸገረው ሲሮጥ የሚመራው ድምፅ ነው። ተዳፋት ላይ የሚኖር የከምባታና የሀዲያ ገበሬ ይሄ ይመለከተዋል።

ጥገናው

ሦስተኛው ማንም የማይወደው ነው፤ ስለዚህ አሳጥራለሁ። አምቡላንስ ፍሬን ሸራው ያልቃል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፤ መኪናው ለአንድ ዕቃ ሁለት ወር ይቆማል። የግዢ ሥርዓቱ ሌብነትን ለመከላከል ነው፤ አልቃወምም። ግን ዓመቱ ሲጀምር ከአንድ ጋራዥ ጋር የዓመት ውል ማሰር ሕጉ አይከለክልም። ፍሬን ሸራ እንደሚያልቅ በመስከረምም ይታወቃል፤ በግንቦት ሲያልቅ ለምን እንደንቃለን?

የስልኩም ጥገና አለ። መብራት ሲጠፋ የኔትወርክ ማማው በባትሪ ይቆያል፤ ባትሪው ሲያረጅ ማማው ቶሎ ይሞታል። የጠሪዋም ስልክ ባትሪ ይሞታል። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል፤ ጤና ኬላ ላይ በፀሐይ የሚሞላ አንድ ስልክ፣ ሩቅ ቀበሌ ላይ ሬዲዮ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ደግሞ ያው ጡሩምባ። በክረምት መኪና የማይገባበት ቀበሌ ላይ ወጣቶች ቃሬዛ ይዘው እስከ ጥርጊያው ድረስ ይሸከማሉ። ይሄም የጥሪው ሥርዓት አካል ነው፤ ዕድሩ አስቀድሞ ተረኛ ቢመድብ ያልቃል።

ከሁሉ በላይ ጥገና ማለት መፈተን ነው። ያልተፈተነ ቁጥር ቁጥር አይደለም፤ ተስፋ ነው። በየሳምንቱ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ይደውል። ተነሳ? በስንት ሰከንድ? በምን ቋንቋ መለሰ? መኪናው የት ነበር? መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ በወሩ መጨረሻ ለጥፋችሁ ሕዝብ ይየው። ይህ ምንም አያስወጣም ለማለት ይቻላል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ይሄ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ባለቤቱ መንግሥት መሆን አለበት፤ ማኅበር አምቡላንስ ያሰማራ አላልኩም። እኛ ግን አራት ነገር ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፣ መኪና አንስጥ። ወንድሞቼ፣ በተለይ በውጭ ያላችሁ፣ ይህን በደግ ተረዱኝ። የተሰጠ መኪና ሁለት ዓመት ይሮጥና ጎማ አጥቶ ይቆማል፤ በስማችሁም ሣር ይበቅልበታል። ከዚያ ይልቅ የጎማና የፍሬን ቋት እንክፈት። በየዓመቱ ትንሽ፣ ግን ሳይቋረጥ። ስማችሁ ባይጻፍበትም መኪናው ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ከሾፌሩ ኪስ እናውጣ። ለአንድ ወረዳ አንድ ሲም፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ተረኛው የሚረከበው። ለዚህ አዋጅም ስብሰባም አያስፈልግም፤ ነገ ይጀመራል። ትልቁ አጭር ቁጥር እስኪመጣ ይሄ ሕይወት ያተርፋል።

ሦስተኛ፣ የሕግ ተመራቂዎቻችን አንድ ወረቀት ያርቅቁ። ሀዲያ ዞን፣ ከምባታ ዞን፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ጎረቤቶችም የሚፈርሙት የመግባቢያ ሰነድ። ቃሉ አጭር ይሁን፦ ቅርብ ያለው መኪና ይሂድ፤ ሒሳቡ በሩብ ዓመቱ ይተሳሰብ። ሾፌሩ ያንን ወረቀት መኪናው ውስጥ ይዞ ይንቀሳቀስ። ኦዲተር ሲጠይቀው ያሳየዋል።

አራተኛው የዩኒቨርሲቲያችን ነው፤ መምህራኖቻችን እዚህ ስላላችሁ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። የማስተማሪያ ሆስፒታሉ አለን፣ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች አሉን፣ የጤና ተማሪዎች አሉን፣ ሦስቱን ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በየክፍሉ ሞልተዋል። ጥሪ ተቀባይ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎችና የሚሰጣቸውን ምክሮች በሀዲይሳ፣ በከምባትሳና በአማርኛ አዘጋጁልን። የሌሊት 8 ሰዓቱን የፈተና ጥሪ የተማሪዎች ሥራ አድርጉት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ መመረቂያ ጽሑፍም ይሆናል፣ ለክልሉ ደግሞ የማይካድ ማስረጃ። ዛሬ «ስንት ጥሪ ጠፋ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሆን መዝገብ የለም። ሳይመለስ የቀረ ስልክ ድምፅ የለውም፤ ሪፖርትም ውስጥ አይገባም። የሚታወቀው በቤቱ ብቻ ነው።

እናቶቻችን «የጎረቤት እሳት ሲነድ ያንተም ደረቅ ሣር ነው» በሚል መንፈስ ነው ያሳደጉን። በኡኡታ ተጠርቶ ያልመጣ ሰው አገራችን ውስጥ ስም የለውም። አሁን ኡኡታው በስልክ ሆኗል። የሚሰማው ሰው ወንበር፣ ደመወዝና ተተኪ ይኑረው፤ የምለው ይሄንኑ ነው።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ከአራቱ አንዱን፣ ቢያንስ ሁለተኛውን፣ የዘንድሮ ሥራው አድርጎ ቢይዝልን፣ በሚቀጥለው መገናኛችን ውጤቱን በቁጥር እንድንሰማ እጠይቃለሁ። ስንት ወረዳ ቋሚ ቁጥር አገኘ? ሌሊት ሲደወል ስንቱ ተነሳ?